ስንት ገባ አይባልም

ባሌ ክንዱ ስንት ኩንታል በቆሎ እንደገባለት ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለማንም ስል ለኔም ጭምር ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከአንድ ጎታ እየዛቅን፣ ከአንድ መሶብ እየቆረስን፣ አራት ልጅ ወልደን ለወግ ለማዕረግ አብቅተን፣ አንድ ቀን እንኳ "እማዋይሽ፣ ዘንድሮ ይህን ያህል ሆነልን" ብሎኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ ምላሷ አያርፍም ተብዬ በጅጋ ገበያ ስሜ የወጣ ሴት ነኝ። ነጋዴ አፉን ሳይከፍት ዋጋ አስቀንሼ እሄዳለሁ። በዚህ ነገር ግን ክንዱን አሸንፌው አላውቅም።

በኛ አገር ስንት ገባ አይባልም። የጠየቀ ዓይነ ክፉ ነው፣ የመለሰም ጉረኛ ነው። አውድማ አጠገብ የሚያልፍ ሰው "እግዜር ይባርከው" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል እንጂ ክምሩን ቀና ብሎ አያይም። ነገር አይገባው ሆኖ የጠየቀ ካለም መልሱ የታወቀ ነው። ጎተራው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳለ "ያው፣ ዘሩን መለሰ፣ ተመስገን" ይባላል። የጠየቀውም ሰው እንዳልተነገረው ያውቃል፤ አሜን ብሎ ይሄዳል።

ክንዱ ግን ከሁሉም ይብሳል። መንግሥት ከገበሬው እህል በኮታ በሚሰበስብበት ዘመን አባቱ ጠላ ቤት ተቀምጦ፣ ሞቅ ብሎት፣ ያፈሰውን እህል በቁጥር ተናገረ። ወሬው ሳይበርድ ኮታ ሰብሳቢዎች ጎተራው ሥር ቆሙ። ክንዱ ያኔ ልጅ ነበር፤ እናቱ የጎተራውን እንጨት ይዛ ስታለቅስ አይቷል። ከዚያ ወዲህ "ካፍ ከወጣ አፋፍ" የምትለው ተረት ካፉ አትጠፋም። ይህን ስለማውቅ ብዙ አልተጫንኩትም።

አላውቀውም ማለት ግን አይደለም። ኧረ ወዲያ! በቆሎው ተፈልፍሎ በጆንያ ሲሞላ፣ የጆንያውን አፍ በወስፌ የምሰፋው እኔ ነኝ። እጄ ይሰፋል፣ ሆዴ ይቆጥራል። እሱ ማወቄን ያውቃል፣ እኔም ማወቁን አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ዝም። ትዳር እንዲህም ሆኖ ይኖራል።

እንዲህ ባለው አገር ላይ ነው እንግዲህ አምለሰት ታብሌቷን ይዛ የመጣችው። የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት፤ አባቷ መምህር፣ እሷ ግብርና ተምራ የተመረቀች። የገበሬውን ማሳ፣ ዘሩንና ማዳበሪያውን፣ ምርቱን በታብሌት የሚመዘግብ አንድ ፕሮጀክት ቀጥሯት ለኛ ቀበሌ ተመደበች። የምትመዘግበው ነገር እሷ ጋ እንደማይቀር ሰብስባ አስረድታናለች። ዘር የሚያከፋፍሉት ያዩታል፣ የገበሬው ዩኒየን ያየዋል፣ ቡሬ ያለ የምግብ ፋብሪካም ከየትኛው ቀበሌ በቆሎ ልግዛ ብሎ ያየዋል፤ ለገበሬው ደግሞ ለማሳው የሚሆን ምክር በስልኩ ይመጣለታል። ሰዉም ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ "ደግ ነው፣ ደግ ነው" አለ። ራስ መነቅነቅ የኛ አገር ሰው ይችልበታል።

ልጆቼ ሁሉ ወጥተው ቤቱ ጭር ብሎብኝ ስለነበር ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ትንሿን ቤት ሰጠናት። ታብሌቷን በሶላራችን ትሞላለች፣ ከኔ ጋር ምስር ትለቅማለች፣ ስቀልድ ትስቃለች። ክንዱን "ጋሼ"፣ እኔን "እትዬ" ትለናለች። የከተማ አጠራር ነው፤ ካፏ ሲወጣ ግን ያምርባታል።

ክረምቱ ሲገባ ተምች በቆሎውን ወረረው። ቡቃያው እምብርቱ ውስጥ እየተበላ ሲመነምን ክንዱ ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ አገጩን ይዞ ቀረ። አምለሰት ትሉን ከነቅጠሉ ፎቶ አንስታ ለባለሙያዎች ላከች፤ መልሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ፤ የቱ መድኃኒት፣ በምን ሰዓት፣ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን እምብርቱ ውስጥ። እሷም ጫማዋን በጭቃ አበላሽታ ከክንዱ ጋር ትል ስትለቅም ሰነበተች። ያለሷ ያ በቆሎ ለከብት ነበር። ከዚያ በኋላ ክንዱ እንደ ልጁ ያያት ጀመር። ከገበያ ሲመለስ ሸንኮራ አገዳ ይዞላት ይመጣል። ለኔ አምጥቶ ያውቃል እንዴ? አያውቅም።

ጥር ላይ እህሉ ሁሉ ከገባ በኋላ አምለሰት ምርት ልትመዘግብ ቤት ለቤት ወጣች። እኛን መጀመሪያ አደረገችን፤ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ ታብሌቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከአራቱ ቃዳ፣ ማለት ከአንዱ ሄክታር፣ ስንት ኩንታል እንዳገኘ ክንዱን በትሕትና ጠየቀችው። ክንዱ አሳለው። ጣራውን አየ። በሩን አየ።

"አሥር" አለ።

እኔ ሽሮ እያማሰልኩ ነበር፤ ማማሰያው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከጀርባዬ ጆንያው እስከ ወራጁ ተደርድሮ፣ ድመቷ እንኳ መዝለል አቅቷታል። አምለሰትም ዓይን አላት፤ ወደ ጆንያው ሰረቅ አድርጋ አይታ እርግጠኛ እንደሆነ ደግማ ጠየቀችው። "ልጄ፣ ሽማግሌ ይዋሻል?" አላት። ምን ትበል? ሥራዋ የተነገራትን መጻፍ ነው፤ ደግሞስ የአባቷን እኩያ ዋሹ ልትለው ነው? አንገቷን ደፍታ አሥር ብላ ጻፈች።

በሌላውም ቤት ያው ሆነ። ጎረቤታችን ባንተአምላክ፣ በቆሎው ከኛ የማያንሰው፣ ስምንት አላት። ከሱ ቀጥሎ ያለው ሰባት አለ፣ እሱንም ነቀዝ ጀምሮታል ብሎ ጨመረበት። ማንም ከጎረቤቱ በልጦ መገኘት አልፈለገም፤ ቤት በተሻገረች ቁጥር ቁጥሩ ወረደ። ጥያቄው ለአባወራው ስለሚል እኛን ሴቶቹን የጠየቀን የለም። ብትጠይቀኝስ እነግራት ነበር? አይመስለኝም። ባል ያሳነሰውን ሚስት ስታበዛው አያምርም።

መጋቢት ገባ። አንድ ጠዋት የክንዱ ስልክ ጠራ። ጆሮው ትንሽ ስለሚከብደው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያዳምጠው፤ ስለዚህ እኔም ሰማሁ፣ በሬዎቹም ሰሙ። ጥርት ያለ ድምፅ ያላት ሴት ናት። የተከበሩ አርሶ አደር አለችው፤ ደስ አለው። ቀጠለችና ያገኙት የበቆሎ ምርት እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ ማሳዎ ለበቆሎ አይስማማም፣ ለመጪው ክረምት ግብጦ እንዲዘሩ እንመክራለን አለችው።

ግብጦ! ግብጦ እኮ መሬት ሞቶ፣ ሌላ ነገር አላበቅል ሲል የሚጣልበት ነው። ተቀቅሎ ውኃ ውስጥ ካልሰነበተ ምላስ ላይ የማይቀመጥ መራራ፣ የአረቄ ቤት ማወራረጃ። ለማን ነው ደግሞ የተባለው? ከጅጋ እስከ ቡሬ ሰው በቆሎውን ቆሞ ለሚያይለት ለክንዱ። ስልኩን ከጆሮው አውርዶ አገላብጦ አየው።

"ማን ናት ይቺ?" አለኝ።

የተቀረጸ ድምፅ ነው እንጂ ሰው እንዳልሆነች ነገርኩት።

"ብትሆንም አሳዳጊ የበደላት ናት" አለ።

ወደ ጓሮ ሮጬ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ሳቅሁ። ሲመሽ ግን እንደማያስቅ ገባኝ። ለካ ያቺ ድምፅ ለሁሉም ደውላለች፤ ለባንተአምላክም ግብጦ፣ ለዚያኛውም ግብጦ። ጎረምሶቹ "ግብጦ እንዴት አደርክ" እየተባባሉ ሽማግሌዎቹን ያበሳጩ ጀመር። የተቆጣ ሽማግሌ ደግሞ ጥፋቱን ከራሱ አይፈልግም። መሬታችንን ሞተ ብላ ያስወራችብን ልጅቱ ናት ተባለ፤ ሰላምታ ነፈጓት። ክንዱም ሸንኮራውን አቆመ፤ እንዴት አደሩ ስትለው በአፍንጫው ይመልሳል። እናንተ የዘራችሁትን ነው ስልኩ ያበቀለው አልኩት። አልሰማም አለኝ፤ ጆሮው ያው ይከብደው የለ።

በዚህ መሐል ወንዳወቅ መጣ። ወንዳወቅ ከፍኖተ ሰላም የፕሮጀክቱን ሥራ የሚቆጣጠር ሰው ነው፤ በሞተር ሳይክል አቧራ ለብሶ ደረሰ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጫማውን አራግፎ ገባ፣ ያቀረብኩለትን ቀምሶ አመሰገነ። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቶ ከሳተላይት የተነሳ ፎቶ አሳየን። ቀበሌያችን ናት፤ ወንዙን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የኛን ማሳ ሳይቀር ለይቼ አየሁት። ነሐሴ ላይ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ። ከዚህ የለመለመ ቀበሌ በአካባቢው እንደሌለ ነገረን። ከጎኑ የአምለሰትን ቁጥር አደረገ፤ በዚያ ቁጥር ከሄድን ዘንድሮ ሰዉ የሚበላው የለውም።

"ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል" አለ። "ሰማዩ ምን ሊያገኝ ይዋሻል?"

ነገሩን እንዲህ ነው የተረዳው፤ አምለሰት ቤት ለቤት መዞሩ ሰልችቷት፣ ተቀምጣ ቁጥሩን ከራሷ ሞልታዋለች። እሑድ መጥቶ ታብሌቷን ይረከባል። ይህ ብቻ ቢሆን ሌላ ሥራ ትፈልጋለች እላለሁ፤ ግን የሐሰት መረጃ አቀረበች ተብሎ በስሟ ይጻፍባታል። ይህ የተጻፈበትን ልጅ የግብርና ሥራ ላይ ማን ይቀጥራል? አባቷ በመምህር ደሞዝ ያስተማራት ልጅ፣ ሰነፍና ውሸታም ተብላ ቤቷ ልትገባ ነው።

አምለሰት የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "የነገሩኝን ነው የጻፍኩት" አለች። ማን እንደነገራት ሲጠይቃት መሬት መሬት አየች። ክንዱ አጠገቧ ቆሟል፤ ጆንያው ከኋላው ነው፤ ጣቷን ብትቀስር ነገሩ ያልቅ ነበር። አልቀሰረችም። አሳዳጊ ያልበደላት ልጅ ማለት እንዲህ ናት።

ወንዳወቅ ወደ ክንዱ ዞረ። በአክብሮት፣ አባቴ ብሎ፣ እዚህ ቤት ጠይቃ እንደሆነ ጠየቀው። ክንዱ ጠይቃለች አለ። ምን ያህል እንደነገራት ሲጠይቀው ጋቢውን አስተካከለ፣ አሁንም አስተካከለ።

"ያው እንግዲህ... እንደጻፈችው ነው" አለ።

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" ይባላል። ዳዋዋ ፊቴ ቆማ የሻርፗን ጫፍ ትፈትላለች።

ሞተሩ እንደሄደ አምለሰት ወደ ቤቷ ገብታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። እኔ ደሜ ፈላ። ክንዱን ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ እናቴ እንደዚያ አስተምራኛለች፤ በጠብም በፍቅርም አንቱ። ያን ቀን ግን አፌ አንተ አለ።

"አንተ ክንዱ፣ ያቺ ልጅ ትልህን ለቅማ ጎተራህን ሞላችልህ። አንተ የእንጀራ ገመዷን ልትበጥስ ነው። በረከት ቁጥር ሲነገር የሚርቅ ይመስልሃል? በረከት የሚርቀው እንዲህ ሲደረግ ነው።"

ዱላውን ይዞ ወደ ማሳው ወረደ። ነጠላዬን ለበስኩ፣ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ራሴ ልናገር ብዬ። በሩ ጋ ስደርስ ተመለስኩ። የአንድ ቤት ቁጥር ቀበሌውን ሁሉ አያስተካክልም፤ ደግሞ ክንዱ ሚስቱ ያጋለጠችው ሰው ሆኖ ይቀራል። እሱንም እሷንም ሳላጣ የሚሆን ነገር አጥቼ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ተናድጄ ነው ያለቀስኩት፤ ሲናደዱ የሚያለቅሱት ዕንባ ይተኩሳል።

በማግስቱ ክንዱ የንስሐ አባታችንን ቄስ ባምላኩን ይዞ መጣ። ራሱ ነው የጠራቸው፤ እኔ የለሁበትም። ወንበር ካስጠጋላቸው በኋላ፣ ቁጥር ሲነገር በረከት ይርቃል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ቄሱ ፈገግ ብለው፣ አሥራት ስታወጣ ሳትቆጥር ከየት ላይ ነው የምታወጣው፣ ይኸው በየዓመቱ ትቆጥራለህ፣ በረከቱም አልራቀም አሉት።

"ያ ለእግዜር ነው አባ" አለ ክንዱ። "እግዜር ወሬ አያወጣም።"

እኔ በሳቅ ልሞት። ቄሱ ግን ፊታቸውን ሰበሰቡ።

"ልጄ፣ 'በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር' ይላል ቃሉ" አሉት። "ከበቆሎ በቀር አይልም።"

ባርከው ተነሥተው ሄዱ። ክንዱ ያን ቀን ምሳውን አልበላም፤ በሬዎቹን ውኃ ወስዶ ሳያጠጣ መለሳቸው።

እሑድ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ይበላል፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ እኛ ሴቶቹ በሌላው። ጾም ስለሆነ ዳቦና ሽምብራ፣ ጠላ። ወንዳወቅ ታብሌቱን ሊረከብ መጥቶ ውጭ ሲጠብቅ ቄስ ባምላኩ አይተው፣ በሰንበት እንግዳ ደጅ አይቆምም ብለው አስገቡት። አምለሰት አጠገቤ ናት። ታብሌቷን በነጠላዋ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋዋለች፤ የቀረበላት ዳቦ እንደተቀመጠ ነው።

ጸሎቱ ደርሶ ሰው ሊነሣ ሲል ክንዱ ቆመ። ሊወጣ መሰለኝ። አልወጣም፤ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እጁን አጣምሮ ቆመ። ሰው ፊት የመናገር ልማድ የለውም።

"ይቺን ልጅ ቁጥር ከራሷ ፈጠረች ብለው ሊያባርሯት ነው" አለ። "የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አሥር ያልኳት ሐሰት ነው። እሷ የነገርኳትን ጻፈች።"

ወንዳወቅ ዋንጫውን አስቀመጠ። ልኩ ስንት እንደሆነ ረጋ ብሎ ጠየቀው።

ክንዱ አፉን ከፈተ። ቁጥሩ አልወጣለትም። እንቢ ማለቱ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያልተናገረው አፍ በዚያች ሰዓት እንዴት እንደሚባል ጠፋው። ባንተአምላክ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሌሎቹም አቀረቀሩ፤ ሁሉም የየራሳቸው ጎተራ የተከፈተ ያህል ደንግጠዋል። ክንዱ ዞር ብሎ በሴቶቹ በኩል ፈለገኝ።

"እማዋይሽን ጠይቋት" አለ። "ጆንያውን የሰፋችው እሷ ናት። የኔም የሷም ነው።"

የኔም የሷም ነው አለ! በሕዝብ ፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ። ያ በገበያ የታወቀ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። ሴት በሰንበቴ መሐል ቆማ ስለ እህል ተናግራ አታውቅም። ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ክንዱን አየሁት፤ በይ በሚል ዓይን አየኝ።

"ስልሳ አራት" አልኩ።

ቄስ ባምላኩ "እግዜር ይባርከው" አሉ፤ ሰዉም ተከትሎ እግዜር ይባርከው አለ። ባንተአምላክ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱም ስምንት ያለው ትክክል እንዳልሆነ፣ ልኩን ሚስቱን ታንጉትን ቢጠይቋት እንደሚሻል ተናገረ። ገና ሳይጨርስ ታንጉት ከጎኔ ብድግ ብላ "ሃምሳ ሁለት!" አለች። ለስንት ዓመት አፏ ላይ ይዛው እንደኖረች እንጃ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ባንተአምላክ ራሱ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘን። ወንዶቹ አንድም ቁጥር አልተናገሩም፤ እየተነሡ በአገጫቸው ወደ ሚስቶቻቸው ብቻ ያመለክታሉ። አምለሰት ታብሌቷን ፈትታ መሐላችን መሬት ላይ ተቀመጠች። ሴቱ ሁሉ ከበባት። አንዷ ስትናገር ሌላዋ የለም ረሳሽ፣ ለእህትሽ የላክሽው አለ ትላታለች። ልጅቱ እየጻፈች ዕንባዋ መስታወቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ በነጠላዋ እየጠረገች ትጽፋለች። ደስ አለኝ፤ ልቤ ሊወጣ ደረሰ፤ ልጅ ስድር እንኳ እንደዚያ ደስ ያለኝ አይመስለኝም።

ወንዳወቅ ከኋላችን ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ ጥያቄው አባወራውን ብቻ ጠይቁ የሚለው ስሕተት ሳይሆን አይቀርም አለ። ታብሌቱ እሷው ጋ ይቆይ፣ የሆነውን ለቢሮው እኔው አስረዳለሁ አለ፤ በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቃት። አምለሰት ሄዳ የክንዱን ጉልበት ልትስም ስትል በትከሻዋ ይዞ አነሣት። ምን እንዳላት የሰማሁት እኔ ነኝ። "ያቺን የግብጦ ሴትዮ ብቻ አደራሽን ንገሪልኝ" አላት።

አምለሰት ከሴቶቹ ጋር ሥራዋን ትጨርስ ብለን እኔና ክንዱ ቀድመን ወጣን። በጉድባው ዳር ባለችው ቀጭን መንገድ እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። ብዙ ሳንሄድ ቆሞ ጠበቀኝ። ጎን ለጎን መሄድ ጀመርን፤ አንዱ እግሩ ሣር ላይ፣ አንዱ እግሬ ሣር ላይ።

"ስልሳ አራት ነው እንዴ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "እኔ እኮ ስልሳ አንድ ነበር የያዝኩት።"

ቆምኩ። ሠላሳ ዓመት ከኔ የደበቀውን ለካ እሱም በቅጡ አያውቀውም። ጆንያ ሲሸከም ይረሳል፣ ደግሞ ማንን ይጠይቅ? ልስቅበት አሰብኩ፤ ፊቱን ሳየው አልቻልኩም። እኔ አልሳሳትም፣ ክሩን ስቆርጥ ነው የምቆጥረው አልኩት። ትንሽ ሄደና "አምናስ?" አለ። ነገርኩት። "ካቻምናስ?" ነገርኩት። በረዶ የመታበትን ዓመት ጠየቀኝ፣ ትልቁ በሬያችን የሞተበትን ዓመት፣ የመጨረሻዋን ልጃችንን የወለድኩበትን ዓመት። እሱ ይገምታል፣ እኔ ልኩን እነግረዋለሁ፤ ሲያበዛው ሲያሳንሰው እየሳቅን የቤታችን አጥር ጋ ደረስን።

በሩ ላይ እጁን አሳርፎ ሳይከፍት ቆመ።

"የተጋባን ዓመትስ?"

"የተጋባን ዓመት ጆንያ መች ነበረን" አልኩት። "በስልቻ ነው ያስገባነው። ሁለት ስልቻ።"

"ሁለት ብቻ?"

"ሁለት ብቻ።"

ያን ዓመት የት እንደነበር የሚያስታውስ መሰለኝ።

"ታዲያ በምን ከረምን?" አለኝ።

"እንጃ" አልኩት፤ "ከረምን።" እጄን ይዞ በሩን ከፈተልኝ፤ ገባን።